ሦስት ጥርስ ወደፊት

«አብዛኛውን ቀን መኪናዋን የሚነዳው ማን ነው?» አለ ከስልኩ የሚወጣው የወንድ ድምፅ።

ስልኩ ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጎ ጠረጴዛው መሃል ላይ ተቀምጧል። ዙሪያውን የተሰበሰቡት አራት ናቸው፦ ጥቁር የለበሰችው እናታቸው ኖክዌዚ፣ የሟቹ አባታቸው ታላቅ ወንድም ታታ ምዛሞ፣ ዚማሳ፣ እና ከእሷ አሥራ አንድ ደቂቃ ዘግይቶ የተወለደው መንታ ወንድሟ ልዋንዲሌ።

«ልጄ ነው» አለች እናታቸው። «አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። መንጃ ፈቃድ አለው።»

ሰውየው የሆነ ነገር ሲጽፍ ተሰማ። «ኢንሹራንሱ በወር አንድ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ራንድ ይመጣል።»

እናታቸው ዓይኗን ጨፈነች። ክሊኒክ ውስጥ ወለል እያጸዳች የምታገኘው ደመወዝ ከቤት ወጪ አልፎ እዚህ ቁጥር ድረስ አይዘረጋም።

ታታ ምዛሞ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ሴቷስ ብትሆን? እሷም መንጃ ፈቃድ አላት።»

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ያው ነው። መንታ ናቸው።»

እንደገና የጽሕፈት ድምፅ። «ዘጠኝ መቶ ስድሳ።»

ልዋንዲሌ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «ይቅርታ፣ ግን ለምን? የተወለድነው በአንድ ቀን፣ መንዳት ያስተማረን አንድ ሰው። እኔ ከምንም ነገር ጋር ተጋጭቼ አላውቅም።»

«አንተን ብሎ አይደለም ወንድሜ። በአንተ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ብዙ ይጋጫሉ። ሲጋጩም ከባድ ነው። ዋጋው የሚወጣው ከዚያ ነው።»

«እኔ እኮ አላውቃቸውም።»

«እኔም አላውቃቸውም» አለ ሰውየው።

ዚማሳ እንዳትስቅ ጉንጯን ከውስጥ በጥርሷ ያዘች። በዚያ ዓመት ሴት መሆኗ የሆነ ነገር ሲያስገኝላት የመጀመሪያው ቀን ነበር።

«እንግዲያው የሷ ይሁን» አሉ ታታ ምዛሞ። «የምትነዳው እሷ ናት።»

«እናቴ፣ አንድ ጊዜ ልድገመው» አለ ሰውየው ለእናታቸው። «ዋና አሽከርካሪ ማለት በወሩ ውስጥ ብዙውን ቀን የሚነዳው ሰው ነው። የልጅቷን ስም ልመዝግበው?»

እናታቸው መጀመሪያ ታታ ምዛሞን፣ ከዚያ ስልኩን አየች። «መዝግበው» አለች።

ስልኩ እንደተዘጋ ዚማሳ እጇን ዘረጋች። መዳፏ ወደ ላይ ነበር። ቁልፉ በቀጭን ክር ከልዋንዲሌ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ አዲሱ ሸሚዙ ላይ ያበራል።

«እጅሽን ምን ዘረጋሽው?» አሉ ታታ ምዛሞ። «የተጻፈው ስምሽ ነው። ቁልፉ የወንድምሽ ነው።»

* * *

አባታቸው ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። ከሰፈራቸው ከዝዌሊቻ ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ዝዌሊቻ። ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ በአንዱ ማክሰኞ አውቶቡሱን ጋራዥ አቆመ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ከመሪው ሳይነሳ በዚያው አረፈ። ያገኙት ሰዎች ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ተስቦ እንደነበር ለእናታቸው ነገሯት። ምን አስበው እንደነገሯት አይታወቅም። እሷ ግን እስከ ዛሬ ትደግመዋለች።

የራሱ መኪና፣ ነጯ ቶዮታ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸራውን ገልጣ ባትሪው እንዳይሞት ሞተሩን የምታስነሳው ዚማሳ ነበረች። ወንበሩ አባታቸው እንደተወው ወደ ኋላ ርቆ ነበር። እናታቸው «አትንኪው» ብላለች። ስለዚህ ዚማሳ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ በእግሯ ጣቶች ፍሪሲዮኑን እየገፋች፣ አሥር ደቂቃ ሞተሩን ታዳምጥና ታጠፋለች። ጎማ የምትነፋውም፣ ውሃ የምታየውም እሷ ነበረች። የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን በሚያዝያ በመጀመሪያ ሙከራዋ አለፈች። ልዋንዲሌ ያን ቀን ዳገት ላይ ሲያስነሳ መኪናው አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ተንሸራተተበትና ወደቀ። እሱ ያለፈው በግንቦት ነው።

ከዚያ ሐምሌ መጣ። ልዋንዲሌ ከጎረምሶቹ ጋር ለወጉ ግርዛት ወደ ተራራው ሄዶ ወንድ ሆኖ ተመለሰ። አዲስ ኮት፣ አዲስ ኮፍያ፣ አዲስ ጫማ። አሮጌ ልብሱ ሁሉ ለትንንሾቹ ታደለ። ሽማግሌዎቹ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው እየተነሱ ይመክሩታል፣ ስጦታ ይሰጡታል፤ ሴቶቹ በር ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። ታታ ምዛሞ ተነሡና ከኪሳቸው የቶዮታዋን ቁልፍ አወጡ። «የአባትህን ቦታ ያዝ» አሉት።

በር ላይ የቆሙት ሴቶች እልል አሉ። ዚማሳም አፏን ከፍታ ነበር። ድምፁ ግን አልወጣላትም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙን ብቻ መጥራት ቀረ። ወንድ ሆኖ የተመለሰን ወንድም እህቱ «ቡቲ» ብላ ነው የምትጠራው፣ ታላቅ ወንድም እንደ ማለት። አሥራ አንድ ደቂቃ የምትበልጠው እህት፣ ዳገት ላይ የተንሸራተተውን ልጅ፣ ቡቲ።

* * *

ሦስት ወር አለፈ። ጠዋት ጠዋት እናታቸውን ክሊኒክ ያደርሳል፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት። የሰፈሩ ልጅ ሲያቦንጋ እግሬ ረጅም ነው እያለ የፊቱን ወንበር ይይዛል። ዚማሳ ከኋላ ቦርሳዎች መሃል ትቀመጣለች። ከኋላ ሆና የሚታያት የወንድሟ ማጅራትና መስታወቱ ውስጥ ያለው ግንባሩ ነው። አባታቸውን ያክላል። እግሩ ወንበሩን ሳያንቀሳቅስ ፔዳሉ ላይ ልክ ይደርሳል፤ እናታቸው ይህንን አይታ ያለቀሰች ቀን ዚማሳ ከመኪናው ወርዳ በእግሯ ሄዳለች።

የሚያናድደው ደግሞ ልዋንዲሌ በጣም በዝግታ ነው የሚነዳው።

«ቡቲ፣ አንዲት አሮጊት በእግሯ ቀደመችን እኮ» ይለዋል ሲያቦንጋ። «ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው።»

«ትቅደም።»

«ሼም ነው። የጎረቤቱ ልጅ ትናንት በመቶ ሃያ ነው ያለፈን።»

«የሱን ኢንሹራንስ እኔ ነኝ የምከፍለው» አለ ልዋንዲሌ። አልሳቀም።

«አንተ?» አለች ዚማሳ ከኋላ። «አንተ ምን ከፈልክ? በኔ ስም ነው የምትነዳው።»

 ሲያቦንጋ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ውጭ አየ።

እሷ የምትመኘውን ለማንም አልተናገረችም። ትንሽ ጭረት ነበር። በር ላይ፣ ከግድግዳ ጋር፣ ማንም ሳይጎዳ፣ እናታቸውና ታታ ምዛሞ እያዩ። አንድ ጭረት ብቻ። ማታ ከመተኛቷ በፊት አባቷን በምታስብበት ሰዓት ይህ ምኞት ይመጣባትና ታፍራለች። በነጋታው ግን ልዋንዲሌ መኪናውን ሊያቆም ወደ ኋላ ሲሄድ ዓይኗ ከግድግዳው ላይ አይነሣም።

* * *

በጥቅምት በአንዱ ሐሙስ ከሰዓት በረዶ ወረደ። የዶሮ እንቁላል ያክላል። ዚማሳ ቤት ነበረች፤ የቆርቆሮው ጩኸት ቆሞ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ቶዮታዋ በዝግታ ወደ ግቢው ገባች። የፊት መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ጣራውና ኮፈኑ በሙሉ ተጨረማምተዋል።

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። ክብሪት ሲጫር ያለውን ጊዜ ያህል ቆየ። ከዚያ እናቷ ከኋላ ወንበር ስትወርድ አየች፤ በጥቁሩ ልብሷ ላይ የልዋንዲሌ አዲስ ኮት ተደርቦ፣ ትከሻው ላይ የመስታወት ፍርፋሪ ያበራል።

«መስታወቱ ሲሰነጠቅ ድልድዩ ሥር አስገባን» አለች እናታቸው። «ሞተሩን አጠፋ፣ እኔን ከኋላ ወለሉ ላይ አስተኛኝና ኮቱን ደረበብኝ። ሌሎቹ መኪናዎች በዚያ ሁሉ በረዶ ውስጥ እየነዱ ያልፋሉ። አንዱ እዚያው ፊታችን ተገለበጠ።»

ልዋንዲሌ የተሰነጠቀውን መስታወት የሚሸፍንበት ሸራ ሊያመጣ ሄደ። 

በማግሥቱ ለኢንሹራንሱ ተነገረ። በረዶ የሚሸፈን ነገር ነው ተባለ፤ ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት አንዲት ሠራተኛ ደውላ ዋናዋን አሽከርካሪ ታነጋግራለች። ጥቂት ጥያቄ ብቻ ነው። ንግግሩ ይቀዳል።

«ቀላል ነው» አሉ ታታ ምዛሞ። «ብዙውን ቀን የምነዳው እኔ ነኝ ትያለሽ። በረዶ ሰው መርጦ አይወርድ። ማንን ጎዳን?»

እናታቸው የገዛ እጆቿን እያየች ነበር። በወሩ መጨረሻ ዓመቱ ይሞላል፤ ዘመድ ይሰበሰብና ጥቁሩን ታወልቃለች። «እንደ ፍጥርጥሩ» አለች።

ዚማሳ ዓርብን ሙሉ አሰበችበት። ብትዋሽ መስታወቱ ይሠራል፣ ሁሉም እንደነበረው ይቀጥላል፤ እሷ ከኋላ፣ እሱ ከፊት። እውነቱን ብትናገር እናታቸው የወንዱን ዋጋ መክፈል ስለማትችል አንድ መንገድ ብቻ ይቀራል። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም መንዳት አለበት። ቁልፉ ወደ እሷ ይመጣል፤ ታታ ምዛሞም የሚሉት አይኖራቸውም።

እውነት እንዲህ ሲጠቅም ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስ ግን አላላትም። እውነቱን መናገር የፈለገችው እውነት ስለሆነ ነው ወይስ ቁልፉን ስለምትፈልግ? ሁለቱን ልትለያቸው ሞከረች፤ አልተለያዩላትም።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት የመስታወት ፍርፋሪውን ልታጸዳ መኪናው ውስጥ ገባች። ፍርፋሪው ከፊት ወንበሩ ፊት ያለው የክሩስኮቱ ኪስ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ወረቀቶቹን አውጥታ ስታራግፍ ጠባብ ሰማያዊ ደብተር እግሯ ላይ ወደቀ።

የአባቷ እጅ ጽሑፍ ነው። አውቶቡስ ላይ እያለ እያንዳንዱን ጉዞ መመዝገብ ልማዱ ስለነበር ቤትም አልተወውም። ቀን፣ የነዳው ሰው፣ ኪሎ ሜትር።

«ዚማሳ፣ 12። ዳገት ጥሩ። ትቸኩላለች። ወንበር ሦስት ጥርስ ወደፊት።»

«ልዋንዲሌ፣ 12። ዳገት ገና። ቶሎ ይፈራል። ጥሩ ነው፣ ሰው አይገድልም። ወንበር እንደኔ።»

ገጽ ገለበጠች። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት። ከቤት መንገድ ዳር እስከቆመው ትልቅ የውሃ ጋን አንዱ ይነዳል፣ ጋኑ ሥር ይቆማል፣ ይቀያየራሉ። አባታቸው ከጎን ሆኖ «ሦስት ጥርስ፣ እመቤቴ» ይላት ነበር፤ የወንበሩ ማንሸራተቻ ጥርሶች ቋ፣ ቋ፣ ቋ ሲሉ አብሯት ይቆጥራል። የአባቷን ድምፅ ረስታው እንደነበር ያወቀችው አሁን ነው። የመጨረሻው መስመር ከሞቱ ሁለት ቀን በፊት እሑድ የተጻፈ ነው። እዚያም እኩል ነው።

በሩ ተከፈተና ልዋንዲሌ ከመሪው ኋላ ተቀመጠ። ኮፍያውን አላደረገም።

«አራት ሰዓት ሊሆን ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ትነግሪያቸዋለሽ አይደል? ከሐምሌ ጀምሮ ስትጠብቂው የነበረ ቀን ነው።»

«ከሐምሌ ጀምሮ ማጅራትህን ሳይ ነው የከረምኩት። ዘጠኝ ወር ይቺን መኪና ያቆየኋት እኔ ነኝ። ባትሪው የኔ ነው በለው። አንተ ወንድ ሆነህ ተወለድክ፣ ቁልፉን ወሰድክ። አለቀ።»

«አንቺስ? ሴት ሆነሽ ተወለድሽ፣ ዘጠኝ መቶ ስድሳ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ አልሆነለትም። «ሰውየው ሲናገር ስትስቂ አይቼሻለሁ፣ ዚማ። በአርባ ነው የምነዳው። ሲያቦንጋ ሙድ ይይዝብኛል። ድልድይ ሥር ገብቼ ስቆም ያ የተገለበጠው ልጅ እየሳቀብኝ ነው ያለፈው። የኔ ዋጋ ግን የሱ ዋጋ ነው። እኔን ያየኝ የለም።»

«እኔንስ ማን አየኝ? ታታ ምዛሞ ዳገት ላይ ማን እንደሚያስነሳ ጠየቁ?»

«አንድ ክንድ ነው የተንሸራተትኩት።»

«ክንድ ተኩል።»

ሳቀ። እሷም ልትስቅ ምንም አልቀራትም።

«ታውቂያለሽ፣ እቀናብሽ ነበር» አለ መሪውን እያየ። «አባባ አንቺን ሲያስተምር ዘፈን ያዳምጥ ነበር። እኔን ሲያስተምር ሬዲዮውን ያጠፋል።»

ዚማሳ ደብተሩን ሰጠችው። የራሱን ስም እየፈለገ አነበበ። «ጥሩ ነው፣ ሰው አይገድልም» የሚለው ጋ ሲደርስ ደብተሩን ወደ ዓይኑ አቀረበ፤ ለረጅም ጊዜ ዝቅ አላደረገውም።

ስልኩ ጠራ።

ሁለቱም አዩት። በቤቱ መስኮት ውስጥ የታታ ምዛሞ ጥላ ይታያል። ዚማሳ አነሣችው።

«ዚማሳ? እንደምን አደርሽ። ስለ በረዶው ነው የምደውለው፤ ንግግራችን ይቀዳል። መኪናዋን አብዛኛውን ቀን የምትነጂው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም» አለች። «ወንድሜ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ አንድም ቀን አልነዳሁም። ሐሙስም እሱ ነበር። ድልድይ ሥር አስገብቷት ነው እናታችን የተረፈችው።»

ሠራተኛዋ ስትጽፍ ተሰማ። «እሺ። ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። የመስታወቱን ነገር አለቆቼ ማየት አለባቸው፣ ይከፈላል ብዬ አሁን ቃል አልገባም። ያለፉት ወሮች ልዩነትም ይሰላል። ከዛሬ ጀምሮስ ዋናው አሽከርካሪ ማን ይባል?»

የጠበቀችው ጥያቄ ይኸው ነበር። «እኔ» ብትል አንድ ቃል ነው። ዓይኗ ከወንድሟ አንገት ላይ ወዳለው ክር ሄደ። ልዋንዲሌ እንደማይከራከራት ፊቱ ላይ ታነበዋለች፤ እንዲያውም እጁን ወደ ክሩ ልኮ ነበር።

ፈለገችው። አሁንም ትፈልገዋለች። የኋላ ወንበሩና እልልታው ሁሉ ትዝ አሏት።

«እስከ ወሩ መጨረሻ በሱ ስም ይሁን» አለች። «እስከዚያ ማን ስንት እንደነዳ እንጽፋለን። ከዚያ ደውዬ እነግርሻለሁ።»

«የሱ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ይህን ታውቃላችሁ?»

«እናውቃለን።»

ስልኩን ዘጋች። ልዋንዲሌ አፍጥጦ ያያታል። «ማማ የኔን ዋጋ ከየት ታመጣለች?»

«ፀጉር ሠርቼ ያጠራቀምኩት አለ። ለአንድ ወር ይበቃል።»

«ለትምህርት ቤት መሰናበቻው ቀሚስሽ ያልሽው?»

«ዝም በል፣ ሳልቆጭ።»

 ልዋንዲሌ ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ሞተሩን አስነሣ፤ መስታወቱ እንደተሰነጠቀ፣ አንገቱን በጎን አዝምሞ በደህናው በኩል እያየ፣ ከአርባም ባነሰ ፍጥነት ከግቢው ወጣ። ታታ ምዛሞ በር ላይ ወጥተው የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ሞተሩ ዋጠው። እናታቸው ከኋላቸው ቆማለች። እጇን አላነሣችም፣ አልጠራቻቸውምም።

ትልቁ የውሃ ጋን ሥር ሲደርስ ዳር ይዞ ቆመ። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳበ። ማንም ሳይጠይቀው ወርዶ በመኪናዋ ፊት ዞረና የሷን በር ከፈተ።

ዚማሳ ከመሪው ኋላ ተቀመጠች። ወንበሩ ሩቅ ነበር። ጣቷን ከሥሩ ልካ መያዣውን አገኘችው፤ ከዚያ እጇ እዚያው ቀረ። ከአባታቸው ወዲህ ማንም ወንበሩን አላንቀሳቀሰውም።

ልዋንዲሌ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ከፍቶ እስክሪብቶ ይዞ እየጠበቀ ነው።

«ስንት ነበር?» አላት። ያውቀዋል።

ዚማሳ መያዣውን ሳበች። ቋ። ቋ። ቋ።

«ሦስት» አለች። «ጻፈው። ስንመለስ ወደ ቦታው እንድንመልሰው።»